ሳልወጋ ያተኮሰኝ መርፌ

ሽማግሌ ብዕር ሲያነሳ ወይ ሊናዘዝ ነው፣ ወይ ጉራውን ሊቸረችር። እኔ ጉራዬን ኩዌት ውስጥ ለሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ቸርችሬ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ ኑዛዜው ነው። የንስሐ አባቴ ይህን ታሪክ በስልክ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ያዘኑብኝ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ ለካ ሳቃቸውን እየዋጡ ኖሯል። እናንተ መዋጥ አይጠበቅባችሁም፤ ሳቁ።

ነገሩ የሆነው በኮሮና ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ያኔ ባያን በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ትልቅ ቪላ ሹፌር ነበርኩ። የአንድ ቤት ልጆችን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ትምህርት ቤት አድርሼ መልሻለሁ፤ ትልቁ ልጅ ጢም አውጥቶ እኔን "ቀስ ብለህ ንዳ" እስከማለት ደርሶ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ አገሬ ላይ የጦር ሠራዊት ድሬሰር ነበርኩ። ድሬሰር ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልጆች፦ ሐኪሙ ያዘዘውን መርፌ የሚወጋ፣ ቁስል የሚያጥብ፣ ሐኪም የሌለ ቀን ደግሞ ራሱን ሐኪም አድርጎ የሚሾም ሰው ነው። የአንድ ክፍለ ጦር መቀመጫ በእጄ አልፏል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እና መርፌ እፈራለሁ።

ቅቤ ነጋዴ ሁሉ ፀጉሩን ቅቤ ይቀባል ያለው ማነው? እኔ መርፌ የምፈራው የሚወጋውን እጅ ስለማውቀው ነው፤ ያ እጅ የኔ ነበራ! ይህን ፍርሃቴን ግን ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እንኳ ሳታውቅ ነው የሞተችው።

ልጄ ሶስና ሐዋሊ በሚባል ሰፈር የሴቶች ፀጉር ቤት ትሠራለች። እዚያው ሐዋሊ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ የጎረቤት ግድግዳ በሚያይ ጠባብ ቤት ውስጥ ከልጇ ከብሌን ጋር ትኖራለች። ብሌን ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። አባቷ ተስፋዬ ለአንድ ወር ዕረፍት አገር ቤት እንደገባ አየር ማረፊያው ተዘጋና በዚያው ቀረ። ሲሄድ ለልጁ ቃል ገብቶላት ነበር፦ "ስመለስ የውኃ መንሸራተቻና ባቡር ያለበት ሪዞርት እወስድሻለሁ፤ እዚያው እናድራለን።" ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል ሲባል ልጅቷ አራት ጥርስ አወለቀች። ትምህርት በስልክ፣ አባት በስልክ፣ ልደት በስልክ። ሰዓት እላፊ የታወጀ ጊዜማ ጨዋታዋ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ጡብ መቁጠር ነበር።

ግንቦት ላይ የክትባት ተራዬ ደረሰ። ሄድኩ። ትልቅ አዳራሽ ነው፤ ሰልፉ ደግሞ እንደ ክፉ ዕድል ፈጠነ። ከፊቴ ያለው ሰውዬ እጅጌውን ሲጠቀልል አየሁና መኪናውን አጉል ቦታ ማቆሜ ትዝ አለኝ። መኪናው ደህና ቦታ ነበር የቆመው። ገብቼ በሩን ዘጋሁና ላቤን ጠረግሁ።

እንግዲህ በዚያው ብመለስና "ፈራሁ" ብል ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር። እኔ ግን የመኪናውን የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን ከፈትኩ፤ ጥጥና ፕላስተር አወጣሁና ግራ ክንዴ ላይ በገዛ እጄ ለጠፍኩ። ሙያ አይረሳም፤ ጥርት ያለ ሥራ ነበር።

ቪላው ስደርስ መጀመሪያ ያየችኝ ዘነበች ናት። ዘነበች የቤቱ ሠራተኛ፣ የወሎ ልጅ፣ ምላሷ ከቢላዋ የሰላ ነው። እሷ ከሳምንት በፊት ተከትባ አንድ ቀን ሙሉ ትኩሳት ጥሏት ነበር።

"ተወጉ ጋሽዬ?"

"ተወጋሁ።"

"አመመዎት?"

ምን ልበል? እሷ አንድ ቀን ከተኛች እኔ እንዴት ከሷ አንሳለሁ? ሁለት ቀን ተኛሁ። ጋራዡ አጠገብ ባለችው ክፍሌ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አቃሰትኩ። ዘነበች ትኩስ አጥሚት አመላለሰችልኝ። ሶስና ከሐዋሊ ድረስ ዶሮ ወጥ ሠርታ ላከች። ዶሮው ግሩም ነበር፤ እያቃሰትኩ መብላት አስቸገረኝ እንጂ። በሚቀጥለው ዓርብ ሐዋሊ ስሄድ ብሌን ጥጡን አየችው። አዎ፣ እስከ ዓርብ አላነሳሁትም፤ እንዲያውም አድሼዋለሁ።

"ያማል አባባ?"

"ለወንድ ልጅ መርፌ ምን አላት!"

ጎንበስ ብላ ጥጡን ሳመችው። ያቺን አስታውሱልኝ፤ እኔን ስታንገበግበኝ የኖረች ስሞሽ ናት።

ውሸቱ አደገ እንጂ አልተጋለጠም። ከዚያ በኋላ ገበያ አዳራሽም ሆነ ምግብ ቤት ያልተከተበ ሰው አይገባም ተባለ፤ መከተብህን የሚያሳየው ስልክህ ላይ የሚበራ አረንጓዴ ምልክት ነው። ሹፌር ግን የት ይገባል? ሹፌር በር ላይ አውርዶ ደጅ ይጠብቃል። ማንም ስልኬን አልጠየቀኝም።

ሐምሌ እንደገባ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ የቪላው እመቤት፣ ማዳም፣ ከኋላ ወንበር ሆና ጠራችኝ። ያው በዓረብኛ ነው የምናወራው።

"መኮንን፣ የልጅህ ልጅ ስንት ዓመቷ ነው?"

"ስድስት ማዳም።"

"ደቡብ በኩል፣ ባሕሩ ዳር ያለውን የልጆች ሪዞርት ታውቀዋለህ?"

"መኪና ማቆሚያውን አንድ ዛፍ ሳይቀር አውቀዋለሁ።"

ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋን ተወችው። "ለልጆቹ ሁለት ሌሊት ይዘን ነበር፤ የእህቴ ሠርግ መጣና አንሄድም። ቀኑ አይለወጥም፣ ገንዘቡም አይመለስም። አንተ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆቼን በር ላይ አውርደህ ፀሐይ ላይ ስትጠብቅ ኖርክ። አሁን ልጅቷን ይዘህ ግባ። መኪናውንም ውሰድ።"

አረንጓዴ መብራት ላይ ቆሜ ኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩምባ ሲነፋብኝ ነው የነቃሁት።

ማታውኑ ሐዋሊ ሄጄ ነገርኳቸው። ብሌን አልጮኸችም። ቀስ ብላ ሄዳ አዲስ ደብተር አመጣችና መሬት ላይ ተንበረከከች።

"በል ቁጭ በል አባባ። ዕቅድ እናውጣ።"

ያን የመሰለ ዕቅድ በሠራዊት ቤትም አላየሁ። ገጹን በመስመር ከፈለችው፤ አንደኛ ቀን፣ ሁለተኛ ቀን፣ ሦስተኛ ቀን። ለእያንዳንዱ ሰዓት ሥዕል አለው። ጠዋት ውኃ መንሸራተቻ፤ ከዚያ አይስክሬም፤ ከዚያ ባቡር፤ ከዚያ የደከመው ሰው ይተኛል። የሚተኛው ሰው መነጽር አለው፤ እኔ ነኝ።

"ዋና ትችላለህ?"

"እኔ? ዓባይን ሁለቴ ተሻግሬያለሁ።"

"በዋና?"

"በድልድይ።"

እርሳሷን ምላሷ ላይ ነክታ ጻፈች። "አባባ አይዋኝም። ፎጣ ይይዛል።"

ሶስና ይህን ጊዜ ማዳም በስልክ የላከችላትን የሪዞርቱን መልእክት ታነባለች። "ከአሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ አይገባም፣ አያድርም… አዋቂው ቢያንስ አንዴ የተከተበ መሆን አለበት… ከተከተበም ሁለት ሳምንት ያለፈው።" ቀና አለች። "የፀጉር ቤቱ ባለቤት አንድ ቀን ብቻ ነው የምትፈቅድልኝ፤ የምደርሰው በሦስተኛው ቀን ነው። ተመስገን አንተ ከግንቦት ጀምሮ ተከትበሃል አባዬ! አንተ ባትኖር ይሄ ሁሉ ቀርቶ ነበር።"

"ተመስገን" አልኩ።

በጣቴ ቆጠርኩ። ጉዞው እሑድ ነው፣ የዛሬ ሃያ ቀን። ሁለት ሳምንቱ ሲነሳለት እስከ ቅዳሜ ካልተወጋሁ አበቃ።

ማክሰኞ አዳራሹ በር ደረስኩና ጥበቃው "ያ ሐጂ፣ ግባ" ሲለኝ፣ የሰንበቴ ማኅበርተኛውን እንዴት ሐጂ ይለኛል ብዬ በሃይማኖት ምክንያት ተቀይሜ ተመለስኩ። ረቡዕ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እውነቴን ነው፣ ተቀመጥኩ! ነርሷ ዕቃውን ስታነሳ ሽንት ቤት ጠየቅሁ። ሽንት ቤቱ ሌላ በር አለው፤ በሩ የሚያወጣው መኪና ማቆሚያ ነው። ይህ የኔ ጥፋት ነው ወይስ የመሐንዲሱ?

ሐሙስ ሰይጣን መከረኝ። ዘነበች ወጥ ቤት ሽንኩርት እየጠበሰች ነበር።

"ዘኒ፣ ያንቺ ምልክት አረንጓዴ ነው አሉ፤ እስቲ አሳዪኝ፣ ከኔ ጋር ላስተያየው።"

"ያውልዎት፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። እጄ ቅባት ነው።"

ስልኳን በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ጥርት ያለ፣ የለመለመ አረንጓዴ። በር ላይ የሚቆም ጥበቃ ከቀለሙ ሌላ ምን ያያል አልኩ። ሐሳቤ ይሄ ነበር፤ እያፈርኩ ነው የምነግራችሁ።

ዓርብ ሐዋሊ ስደርስ ብሌን የመኝታ ቤቱን በር በወንበር ዘግታ፣ ማስኳን አድርጋ፣ የእናቷን የመታጠቢያ ኮፍያ ደፍታ ቆማለች።

"ምንድነው?"

"የሪዞርቱ ጥበቃ ነኝ። ዛሬ በር ላይ የሚሆነውን ነው የምንለማመደው። እማዬ፣ ስልክ!"

ሶስና እየሳቀች ስልኳን አሳየችና አለፈች፤ ወዲያው ሽሮው እንዳይገነፍልባት ወጥ ቤት ተመለሰች። "ቀጣይ!" አለች ብሌን።

ስልኬን አወጣሁና ፊቷ ላይ ወዲያና ወዲህ አደረግሁት፤ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው።

"ቆይ።" ስልኬን ከእጄ ወሰደች። በሁለት ጣቷ ፎቶውን ከፈት አደረገችው። የዘመኑ ልጅ ነገር እንዲህ ነው! እኔ በሁለት ጣት ፎቶ እንደሚያድግ አላውቅም ነበር።

በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አባባ… ይቺ እኮ ዘኒ ናት" አለችኝ። ከፎቶው በታች ያለውን ስም በጣቷ እየተከተለች አነበበች። "ዘ… ነ… በች።"

"ስህተት ይሆናላ፣ መንግሥት…"

ማስኳን ወደ አገጯ አወረደች። ስልኩን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ግራ ክንዴን አየች።

"ጥጡስ?" አለች። "ስሜው ነበር እኮ።"

ሰው ይህን ያህል ዓመት ኖሮ፣ ጦር ሜዳ ውሎ፣ በአንዲት ጥርሰ ወላቃ ልጅ ፊት የሚገባበት ጉድጓድ ያጣል። ወጥ ቤት ሆና ሶስና ጮኸች፤ "አለፈ ወይ?"

ብሌን ዓይኔን እያየች፣ "አለፈ እማዬ!" አለች። ስልኬን መለሰችልኝ። ወንበሩን ቦታው አደረገች። ደብተሩን ከመሬት አነሳችና ከአልጋው ሥር ከተተችው።

ምሳ ቀረበ። ሁለት ጉርሻ እንደበላን ብሌን፣ "እማዬ፣ ሪዞርቱን ትቼዋለሁ" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ሙቀት ነው። አሸዋም አለ። አሸዋ አልወድም።"

ሶስና ግንባሯን ዳሰሰቻት። "አሞሻል እንዴ? ሌሊት የዋና መነጽርሽን አድርገሽ የምትተኚ ልጅ!"

"ባባ ከአገር ቤት ሲመጣ እንሄዳለን። ደግሞ አባባ ዋና አይችልም።" እንባዋ ሽሮው ውስጥ ጠብ አለ። እኔን ግን አላየችኝም፤ ሆን ብላ ነው ያላየችኝ። ከተያየን እንደምትናገር ገብቷታል።

ሶስና ወደኔ ዞረች። "ምን አድርገሃት ነው?"

አፌ ሙሉ ነበር። ያን ጉርሻ የዋጥኩበትን ጊዜ ያህል ረጅም ጊዜ በሕይወቴ አላውቅም። ዝም ብል ይታለፋል፤ ልጅ ናት፣ አመሏ ተለወጠ ይባላል። አንድ ዓመት ተኩል የጠበቀችውን ነገር ለኔ ክብር ስትል ልትከፍልልኝ ነው። ክብሬን ደግሞ አየሁት፤ አንድ እፍኝ ጥጥ ነው።

"ሶስና፣ አልተወጋሁም።"

"ምኑን?"

"ክትባቱን። ግንቦት ላይ። ጥጡን የለጠፍኩት እኔ ነኝ።"

ሶስና እጇን ከማዕዱ አነሳች።

"ዶሮውስ?" አለች በመጨረሻ።

"ዶሮው እውነተኛ ነበር።"

"ሁለት ቀን ሙሉ ስታቃስት የነበረውስ?"

"እሱ እንኳ ሙያ ነው።"

ልትስቅ ነው ብዬ ነበር። አልሳቀችም። "እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ፀጉር ስነካ እውላለሁ። ስንት ሰው እንደቀበርን ታውቃለህ። ማታ ማታ 'ደግነቱ አባዬ ተከትቧል' እያልኩ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። ለምን አልነገርከኝም? ምን እልህ ነበር?"

መልሱን ያመጣችው ብሌን ናት።

"እማዬ አትቆጪው፤ ፈርቶ ነው እኮ።" ወደኔ ዞረች። "ፈርተህ ነው አይደል አባባ?"

ስድሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ያቺን ቃል ማንም በፊቴ ብሎኝ አያውቅም። ወታደር ቢለኝ እደባደብ ነበር።

"አዎ" አልኩ። "በጣም።"

ያኔ ሶስና ሳቀች። አለቀሰች ልበል? ሁለቱንም አደረገች፤ በነጠላዋ ጫፍም ሁለቱንም ጠረገች። ብሌን ከአልጋው ሥር ደብተሩን አወጣችና የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ አዲስ ሥዕል ሣለች። ትልቅ መርፌ፣ ትንሽ ሽማግሌ። ሥሩ ላይ "ቅዳሜ" ብላ ጻፈች።

ቅዳሜ ሶስና ሥራ ስለነበረባት ከብሌን ጋር ሁለታችን ሄድን። በሩ ላይ ያ ጥበቃ አወቀኝ።

"ያ ሐጂ፣ ተመለስክ? ልጅ ግን አይገባም።"

ብሌን ዓረብኛዋ የመንደር ልጆች ዓረብኛ ነው፤ ፈጣንና ርኅራኄ የሌለው። "እሱ ይሸሻል። እኔ ካልያዝኩት ይሸሻል።"

ጥበቃው እኔን አየ፣ እሷን አየ። ረቡዕ በሽንት ቤት በኩል ስወጣ አይቶኝ እንደሁ እንጃ። "እውነቷን ነው" ብሎ አሳለፈን።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ነርሷ መጣች። ምላሴ ተፈታ።

"እህቴ፣ መርፌው ስንት ቁጥር ነው? አየሩን አውጥተሻል? ክንድ ላይ ከትከሻ ሦስት ጣት ወረድ ብሎ ነው እንግዲህ፤ እኔ እንኳን የሙያው ሰው ስለሆንኩ…"

"አባባ፣ ዝም በል። እኔን እየኝ።" ብሌን ቀኝ እጄን ያዘች። "ሪዞርቱ ስንደርስ መጀመሪያ የት ነው የምንሄደው?"

"ባቡር።"

"አይደለም! ደብተሩን አላነበብክም?"

"አይስክሬም?"

"ኧረ አባባ! አይስክሬም ከውኃው በኋላ ነው። ስንት ጊዜ ልንገርህ? መጀመሪያ ክፍላችን እንገባለን፣ ሻንጣ እናስቀምጣለን፣ ከዚያ አንተ ፎጣ…"

"ፎጣውን መቼ ነው የምይዘው?"

"ሐጂ፣ ተነስ" አለች ነርሷ።

"ወዴት?"

"አልቋል።"

ክንዴን አየሁ። ጥጥ አለ። እኔ ያልለጠፍኩት፣ ጠመም ያለ፣ ሙያ የጎደለው ጥጥ። ብሌን ጫፉን ገለጥ አድርጋ ከሥሩ ያለችውን የደም ነጥብ አየችና ራሷን ነቀነቀች። አልሳመችውም፤ መርምራ አሳለፈችው።

ያን ማታ ትኩሳት ያዘኝ። የእውነት ትኩሳት፣ አጥንት የሚፈልጥ። ዘነበች ስልኳ ፎቶ መነሳቱን፣ በኋላ ሁሉንም ከተናዘዝኩላት ከሶስና ሰምታ ኖሮ በሩ ላይ ቆማ እጇን አጣምራ አየችኝ።

"ጋሽዬ፣ የግንቦቱ ይሻል ነበር። ያኔ ማቃሰትዎ ነፍስ ነበረው። ይሄ ደረቅ ብሏል።"

"ዘኒ፣ እየሞትኩ ነው።"

"ይሙቱ። ፎቶዬን ይዘው ግን እንዳይቀበሩ።"

ሰዓት አልፎ አጥሚቱን አመጣችው፤ ስኳር ግን አልነበረውም። የቅጣቴ መጀመሪያ እሱ ሆነ።

እሑዱ ደረሰ። የሪዞርቱ በር ላይ ስልኬን አሳየሁ። የራሴ ስም፣ ኮስተር ያለ የራሴ ፎቶ። ጥበቃው እጁን አወዛወዘልን። ከመግባቴ በፊት ዞር ብዬ መኪና ማቆሚያውን አየሁ፤ ከዛፎቹ ሥር ካርቶን አንጥፈው የተቀመጡ ሹፌሮች አሉ። አንዱ አወቀኝና እጁን አነሳልኝ። እኔም እጄን አነሳሁለት። ብሌን ጎተተችኝ።

ክፍል ገባን፣ ሻንጣ አስቀመጥን፣ ፎጣዬን ያዝኩ። የመንሸራተቻው ደረጃ ግንብ የሚያህል ነው፤ ልጅ ያለ አዋቂ አይወጣም ስላሉ እኔም ከነፎጣዬ ተከተልኳት። ጫፉ ላይ ስንደርስ ወረፋችን ሆነ። ውኃው ይጮኻል። የሚያስተናግደው ልጅ "ያላ!" ብሎ አቻኮለን።

ብሌን አልተንቀሳቀሰችም። እጄን አጥብቃ ያዘችና ጎንበስ እንድል ሳበችኝ።

"አባባ" አለች በጆሮዬ፣ "ፈራሁ።"

የዱሮው መኮንን ቢሆን "ምን አላት!" ብሎ ይገፋት ነበር። እኔ ግን ቁልቁል አየሁና፣ "እኔማ ከሦስተኛው ደረጃ ጀምሮ ነው" አልኳት። ዞርን። በወረፋው መካከል፣ "ይቅርታ፣ ፈርተን ነው፤ አሳልፉን፣ ፈርተን ነው" እያልኩ በዓረብኛ እየጮኽኩ ወረድን። ሰዉ እየሳቀ አሳለፈን። አንድ ወፍራም አባት ደግሞ ልጁን ይዞ ከኋላችን ተከተለ።

ሦስት ሳምንት ያቀድነውን መንሸራተቻ ሳንነካው ቀረን። ባቡሩን አሥራ አንድ ጊዜ ተሳፈርን። ብሌን አሸዋው ላይ የራሷን ሪዞርት ሠራች፤ በሩ ላይ ጥበቃ የለውም። በሦስተኛው ቀን ሶስና ስትደርስ ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ፣ "መንሸራተቻው እንዴት ነው?" ብላ ጠየቀች።

"ከታች ሆነሽ ስታዪው በጣም ያምራል" አለቻት ብሌን።

ታዲያ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል፤ ሽማግሌ መርፌ ተወጋ፣ ይኸው ነው ወይ? አይደለም። ከሪዞርቱ በተመለስን በሳምንቱ ማዳምን መኪናው ውስጥ፣ ሞተር ሳላስነሳ፣ አንድ ነገር ነገርኳት። ከመሸ በኋላ ዓይኔ አያይም። ከፊት የሚመጣ መብራት ሁሉ እንደ ጉም ይበተንብኛል። ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ መንገዱን በልምድ ነው የምነዳው። ልጆቿ ከኋላ ተቀምጠው እየተሳሳቁ እኔ በልምድ ስነዳ ነበር። እሱንም በጥጥ ሸፍኜው ነበር።

ማዳም ከፊት ወንበር እንድነሳ ነገረችኝና፣ ራሷ እየነዳች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። የዓይን ሞራ ነው ተባልኩ። ማደንዘዣ መርፌ ዓይን አጠገብ እንደሚወጋ ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም፤ ቢነግረኝ ኖሮ የዚያን ሐኪም ቤት ሽንት ቤትም አጠናው ነበር። ብሌን ደብተሯን ይዛ መጣች። አዲስ ገጽ ላይ፣ አናቱ ላይ፣ "አባባ ይፈራል" ይላል። ለነርሶቹ ሁሉ አነበበችላቸው።

አሁን አልነዳም። የምነዳው እርሳስ ነው፤ ይህንንም ያለ መነጽር ነው የጻፍኩት።

እናንተም ከሰው የደበቃችሁት ፍርሃት ካለ ምክር ልስጣችሁ፤ ከእኔ ምክር መቀበላችሁ ቢያስገርምም። ለልጅ ንገሩት። አዋቂ ብትነግሩት አይዟችሁ ብሎ ያጽናናችሁና ቤቱ ይገባል። ልጅ ግን እጃችሁን ይዞ በሩ ድረስ ይወስዳችኋል።